ምዕራፍ ሰባት፦ ዳሞታን መዞር

ወላይታ ሶዶ መንገዶች የሚጋጠሙባት ከተማ ናት። በቦዲቲ ወደ ሀላባና ሻሸመኔ፣ በአረካ ወደ ሆሳዕና፣ በሁምቦ ጠበላ ወደ አርባ ምንጭ፣ በበሌ ወደ ዳውሮ፣ በገሱባ ወደ ሳውላ የሚሄደው ሁሉ እዚህ ያልፋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የአስተዳደር መቀመጫ መሆኗ ደግሞ የቢሮ መኪናውንና የስብሰባ እንግዳውን ጨመረባት። ጠዋት ወደ መናኸሪያው አካባቢ ብቅ ያለ ሰው ሲኖትራኩ፣ አባዱላው፣ ባጃጁና ጋሪው በአንድ አስፋልት ላይ ሲጋፉ ያያል። እንዲህ ያለችውን ከተማ ጸጥ ላለ የብስክሌት ጉዞ መነሻ ማድረግ ቀልድ ሊመስል ይችላል።

ቁም ነገሩ ያለው በመስመሮቹ መካከል ነው። መኪናው በጥቂት ዋና መንገዶች ላይ ይታጨቃል፤ በመካከላቸው የተኛው አገር ግን በቀበሌ መንገድ የተሳሰረ ነው። ከአስፋልቱ ታጥፎ አንድ ቀበሌ ያህል ወደ ውስጥ የዘለቀ ብስክሌተኛ የሞተሩ ድምፅ ከኋላው እየራቀ ሲሄድ ይሰማዋል። ከዚያ ወዲያ የዶሮ ጩኸት፣ የመጥረቢያ ምት፣ የልጆች ጫጫታና የራሱ ካቴና ነው የሚቀረው።

እንዲህ ያለውን መንገድ ለማግኘት ካርታ ብቻውን አይበቃም። ካርታ መንገዱ መኖሩን ይናገራል እንጂ በቀን ስንት መኪና እንደሚያልፍበት አይናገርም። ያንን የሚናገረው መሬቱ ነው። ጠጠር በለበሰ መንገድ ላይ መኪና በፍጥነት ሲሄድ ጎማው ትንሿን ጉብታ ዘልሎ ያርፋል፤ ሲያርፍም ጠጠሩን እየገፋ ጉድጓድ ይሠራል። ተከታዩ መኪና እዚያው ላይ ያርፋል፣ ያንኑ ያጠልቃል። በዚህ ምልልስ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር እንደ ቆርቆሮ ይሸበሸባል። ሽብሽቡን የሚፈጥረው የፈጣን ጎማ ድግግሞሽ ስለሆነ እግረኛና አህያ ዓመት ሙሉ ቢመላለሱበት አይወጣውም። ስለዚህ ማንቡሪዮው እጅ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መንገዱ የመኪና ነው ማለት ነው፤ የሚቀጥለውን መታጠፊያ መፈለግ ይሻላል።

ሁለት የጎማ ፈር ኖሮ በመሀሉ ሣር ከበቀለ መኪና የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሦስት ቀጫጭን ፈር ከታየ ባጃጅ ደርሶበታል። ጠጠሩን እየሸሸ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ የሚሄድ አንድ ብቸኛ ለስላሳ መስመር ደግሞ የእግረኛና የሞተር ሳይክል ምርጫ ነው። ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ አይገኝም። እሱን የደለደለው ምቾት የሚፈልግ መንገደኛ ሁሉ ነውና ዓይንን ጨፍኖ ማመን ይቻላል፤ ዓይንን መጨፈኑ ቢቀር ይመረጣል እንጂ።

መንገዶቹ ብዙ ላብ የፈሰሰባቸው ናቸው። በ1962 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረውና ሰው በአጭሩ «ዋዱ» የሚለው የወላይታ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በዓለም ባንክ ገንዘብ እየታገዘ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍል፣ በደጋው መሬት የጠበበውን ገበሬ ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላ ያሰፍር ነበር። ያ ሁሉ ያለ መጋቢ መንገድ የማይሆን ሥራ ነው። ትልቁ ዝላይ ግን ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ዩራፕ በሚባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም የመጣው ነው። የፕሮግራሙ ዓላማ እያንዳንዱን ቀበሌ በጋ ከክረምት ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ማገናኘት ነበር፤ በብዙ ቦታም ገበሬው አካፋና ዶማውን ይዞ ወጥቶበታል። በ1989 ዓ.ም. 26,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የአገሪቱ መንገድ በሁለት አሥርት ዓመታት ትንሽ አለፍ ባለ ጊዜ ከ140,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። የጭማሪው ትልቁ ድርሻ እንዲህ ያለው የወረዳና የቀበሌ መንገድ ነው። መንገዱ ቀድሞ ተሠራ፣ መኪናው ገና አልደረሰም። የብስክሌተኛው ዕድል ያለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ጸጥ ባለ የገጠር መንገድ በዓለም ስሟ የገነነው ፈረንሳይ ወደዚሁ ነገር የደረሰችው በተቃራኒ በር ነው። የመንገዷ ጠቅላላ ርዝመት ከ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አውቶሩት የሚባለው ፈጣን መንገድ ግን 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የረጅም ርቀቱ መኪና ወደዚያ ሲሳብ በመንደሮቹ መካከል የሚጠማዘዘው ጠባብ አስፋልት ባዶ ቀረ። መንደሮቹም ራሳቸው ባዶ ሆነዋል፤ ወጣቱ ለሥራ ወደ ከተማ ከገባ ቆይቷል። የተዘጉ የባቡር ሐዲዶችን ነቅሎ ለእግረኛና ለብስክሌት ማድረግም የዚሁ ታሪክ ተከታይ ነው፦ በቡርጎኝ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው እንዲህ ያለው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1997 ተከፈተ፤ ዛሬ የሎዋር ወንዝን ተከትሎ የሚሄደው የብስክሌት መስመር ብቻ 900 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እዚያ ለግማሽ ቀን ሰው ሳያዩ መጋለብ ይቻላል።

በወላይታ ግማሽ ደቂቃም ሰው ሳያዩ አይጋለብም። ዞኑ በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ቤት ከቤት በእንሰትና በባሕር ዛፍ ረድፍ ብቻ ይለያል። የፈረንሳዩ ጸጥታ የመጣው ሰው ስለሄደ ነው፤ የወላይታው ሰው ሁሉ ቤቱ እያለ፣ ሞተር ብቻ ስለጎደለ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ከባድ ቢሆንም እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጎማው የፈነዳበት ሰው እዚህ ብቻውን አይቀርም፤ ችግሩ ይልቁንም ኪሱን ከመበርበሩ በፊት 15 ልጆች ከበውት ስለ ጥገናው 15 አስተያየት መስጠታቸው ነው።

አሁን ወደ ተራራው። ዳሞታ ወደ 2,900 ሜትር ከፍ ይላል፤ ሶዶ በደቡብ እግሩ ሥር 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ፑላሳ፣ ዳሞት ሶሬ፣ ዳሞት ወይዴ፦ በአካባቢው ያሉት ወረዳዎች ስማቸውን የተጋሩት ተራራው ከየትም ስለሚታይ ነው ቢባል ማን ይከራከራል? ለብስክሌተኛ ይህ ጥቅም አለው፤ ዳሞታን በግራ ትከሻ ላይ አድርጎ የሚሄድ ሰው ቢጠፋም ብዙ አይጠፋም። ከሶዶ ወደ ቦዲቲ አቅጣጫ፣ ከቦዲቲ ወደ ሻንቶ፣ ከሻንቶ ወደ አረካ፣ ከዚያ በጉኑኖ በኩል ወደ ሶዶ መመለስ ይቻላል። ይህ ክብ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ለማይቸኩል ሁለት ቀን።

ከሶዶ ሲወጡ የመጀመሪያውን ክፍል በአስፋልቱ ላይ መሄድ የግድ አይደለም። ከመንገዱ ወደ ተራራው በኩል ባሉት ቀበሌዎች ውስጥ የሚያልፉ መንገዶች አሉ፤ ዋጋቸው ዳገት ነው። ከዳሞታ የሚወርደው ጅረት ሁሉ ጎን ለጎን ሸለቆ ስለቆፈረ የተራራውን ወገብ ይዞ የሚሄድ መንገድ እየወረደ ወዲያው ይወጣል፣ እየወጣ ወዲያው ይወርዳል። ብስክሌተኛ የሚደክመው በርዝመቱ ሳይሆን በዚህ ነው።

ድካሙን በቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል። ሰውየውና ብስክሌቱ ተደምረው 85 ኪሎ ግራም ይመዝኑ። በቀኑ ውስጥ የወጡት ዳገት ሁሉ ሲደመር 300 ሜትር ቁመት ቢሆን ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 250 ኪሎ ጁል ሥራ ያስፈልጋል። መካከለኛ ጉልበት ያለው ሰው ፔዳሉ ላይ 100 ዋት ያህል ሳይቸገር ማሳረፍ ይችላል፤ በዚህ ሒሳብ 40 ደቂቃ የሚሆነው ለዳገቱ ብቻ ሄደ። ሰውነታችን ከሚበላው ምግብ ወደ ፔዳል የሚያደርሰው ሩቡን ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በላብ ይወጣል። ስለዚህ ያ 300 ሜትር 250 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበላል፤ ሁለት ሙዝ ተኩል ማለት ነው። የዳሞታን ዙሪያ የሚዞር ሰው ግን 300 ሜትሩን ብዙ ጊዜ እጥፍ ይወጣል። በየገበያው ዳር የተቀቀለ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ በወቅቱም የበቆሎ እሸት መገኘቱ ደግ ነገር ነው። የሶዶን ቁርጥ በዳጣ ለማታ ማስቀመጥ ይበጃል፤ ቁርጥ በልቶ ዳገት የሚወጣ ሰው የሚያመሰግነው አይኖርም።

ከፍታው በአንድ እጁ ይወስዳል፣ በሌላው ይሰጣል። 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ18 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ሳንባ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ በሜዳና በቁልቁለት ፊት ለፊት የሚገፋው የአየር ግፊትም በዚያው ልክ ይቀላል። ቤልጅጉ ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ለዚህ ነው፤ 2,240 ሜትር ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ጋለበ። ሶዶም ከዚያ ከፍታ ብዙ አትርቅም። ልዩነቱ መርክስ የጋለበበት ሜዳ ላይ ላምና ጥጃ አለመኖሩ ነው።

ማርሽ ያስፈልጋል፣ ዝቅ የሚል ማርሽ። በየከተማው በሰዓት የሚከራየው ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ለአስፋልት ይበቃል፤ እዚህ ግን ብዙውን ጊዜ በእጅ ይገፋል። ፈረንሳዮች ራሳቸው በዚህ ተከራክረዋል። የሴንት ኤትየኑ ፖል ደ ቪቪ እ.ኤ.አ. በ1930 እስኪሞት ድረስ ማርሽ ለተራራ መንገደኛ እንደሚገባ ሲሰብክ ኖረ፤ የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች ግን ማርሽ መቀየሪያውን ለተወዳዳሪዎች ሁሉ የፈቀዱት በ1937 ነው። ለጉብዝና ውድድር ክልከላው ይገባኛል። ለጉዞ ግን ጉልበትን ማባከን ብቻ ነው።

ከሻንቶ እስከ ጉኑኖ ያለው ክፍል ለእኔ የክቡ ምርጡ ነው። መንገዱ ከእንሰት ጓሮ ወደ እንሰት ጓሮ ያልፋል። እንሰቱ ከቤቱ አጠገብ የሚተከለው ፍግና አመድ እንዲደርሰው ነው፤ ራቅ ሲል ቡናና አቮካዶ፣ ከዚያ በቆሎና ጤፍ፣ ዳር ላይ ባሕር ዛፍ። መንገዱ ራሱ በቤቶቹ ፊት ስለሚያልፍ ብስክሌተኛው የሚያየው የአገሩን ጓዳ ነው፦ በጓሮው እንሰት የምትፍቅ ሴት፣ በአጥሩ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ገመዷን በጥሳ መንገድ ላይ የቆመች ፍየል። አረካ ላይ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል በእንሰት ጥናት የታወቀ ነው። ጉኑኖ ደግሞ በ1970ዎቹ የአፈር ጥበቃ ጥናት ጣቢያ የተተከለባት ናት፤ በተዳፋቱ ላይ የሚታየው እርከን ለምን እንዳስፈለገ ለማወቅ አንድ ዝናብ በቂ ነው፤ ጎርፉ ቀይ ሆኖ ይወርዳል።

በዚህ ሁሉ ላይ ፍጥነትን የሚወስነው እግረኛው ነው። መንገዱ የሠሩት ሰዎች የሚሄዱበት፣ የሚያወጉበት፣ ከብት የሚነዱበት ነው። የሣር ሸክም ተሸክማ የምትሄድ ሴት ጭነቱ ጆሮዋን ስለሚሸፍናት ከኋላ የሚመጣ ብስክሌት አይሰማትም፤ ደወሉን ከሩቅ፣ ቀስ ብሎ መምታት ይገባል። ተጠግቶ መምታት ያስደነግጣል፣ ሸክሙም ይወድቃል። «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ መስጠት ከደወሉ ይበልጣል። ሽማግሌ ሲያጋጥም ቀዝቀዝ ማለት፣ የለቅሶ ሰልፍ ሲያጋጥም ወርዶ ባርኔጣ አውልቆ ሳይክሉን በእጅ እየገፉ ሰው እስኪያልፍ መጠበቅ የአገሩ ሥርዓት ነው። ልጆቹ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ የሚፈልጉት ባዶውን የውሃ ፕላስቲክ ነው። አንዳንዶቹ በዳገት ላይ ከብስክሌተኛው ይቀድማሉ፣ ዘወር ብለውም ይጠብቁታል። ይህን ችሎ መቀበል የጉዞው አካል ነው።

ክቡን የጨረሰ ሰው ወደ ደቡብ መውረድ ይመኛል። ሁምቦ እዚያ ነው። በወረዳው ያሉት ተራሮች በአንድ ወቅት ለማገዶ ተመንጥረው ራቁታቸውን ቀርተው ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው ገበሬ ማኅበራት 2,728 ሄክታር መሬት ከልለው ከከብት ጠበቁት፤ ብዙ ችግኝ ከመትከል ይልቅ ከመሬት ሥር የቀረው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ፣ ቁጥቋጦውም እየተገረዘ ዛፍ እንዲሆን አደረጉ። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም የካርቦን ክሬዲቱን ገዛ። ዛሬ ተዳፋቱን ሲያዩት ዋናው አስፋልት ከሥሩ እያለፈ መሆኑ ይዘነጋል።

ከዚያ ወዲያ አባያ ሐይቅ ይታያል። ውሃው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ወንዞች የሚያመጡት ብረት ያዘለ ደለል ስለማይዘቅጥ። ሐይቁ ከ1,200 ሜትር በታች ስለሆነ ከሶዶ እስከ ዳርቻው ያለው ቁልቁለት 800 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱም 5 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። መውረዱን ማንም ይወርዳል። በቀደመው ሒሳብ መመለሻው ለዳገቱ ብቻ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ ያውም በፀሐይ። ጎበዝ የሆነ ሰው ሌሊቱን ጠበላ አድሮ ጎህ ሲቀድ ይነሣል፤ ብልህ የሆነ ሳይክሉን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ያስጭናል። በቆላው የግራር እሾህ ስለሚበዛ ትርፍ ካላማዳሪያና ፖምፓ ሳይዙ መውረድ ሞኝነት ነው። ወባም አለ፤ የሚያድር ሰው አጎበር ይጠይቅ።

ወደ በሌ የሚወስደው መንገድ ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ኦሞ ሸለቆ ያዘነብላል፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በዳውሮ ወሰን ላይ ያለው 243 ሜትር ቁመት ያለው የጊቤ ሦስት ግድብ ወንዙን በዚህ በኩል ሐይቅ አድርጎታል። ዕይታው ያማረ ነው፤ ርቀቱና ሙቀቱ ግን ለጀማሪ አይመከርም። በዳውሮ በኩል የሃላላ ኬላ ሪዞርት ከተሠራ በኋላ የጎብኚ መኪናም መስመሩን ይዟል። ይህ መጽሐፍ የሚፈልገው ዓይነት መንገድ ሆኖ የሚቆይ አይመስለኝም።

ነገሩ በሙሉ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። የቀበሌው መንገድ ሲሻሻል መጀመሪያ የሚመጣው ሞተር ሳይክል ነው፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ አይሱዙ። ገበሬው ሙዙንና አቮካዶውን ሳይበላሽ ለገበያ ለማድረስ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ቶሎ ሐኪም ቤት ለማድረስ ሞተር ይፈልጋል፤ ማንም ብስክሌተኛ ለመዝናኛው ብሎ ይህ ይቅር ሊል መብት የለውም። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. የአሥር ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ በ2011 የተጀመረው «መንገድ ለሰው»ም ስሙ ከአዲስ አበባ አልፎ ተሰምቷል። የሁለቱም ወሬ ሲነሣ የሚታየን የከተማ አስፋልት ነው። በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅና ሸክም የያዘች ሴት በብዛት ያሉት ግን በገጠሩ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ከውሃ መውረጃው ወዲያ አንድ ሜትር ተኩል የእግር መስመር መተው በዶዘሩ ሥራ ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ አስፋልቱ ከለበሰ በኋላ ግን ቤት ካላፈረሱ አይገኝም። ፈረንሳዮች ይህን መስመር የሞተውን ሐዲድ ነቅለው ነው ያገኙት። እዚህ የሚነቀል ሐዲድ የለም።

ስለ ወቅቱም ማለት ይገባል። ቀዩ አፈር በበልግና በክረምት ዝናብ ሲርስ በጎማውና በፍሬኑ መካከል ተጠቅጥቆ ቸርኬውን ያስቆማል፤ ልጆቹ በእንጨት ሲፍቁልህ አንተ ሳይክሉን ተሸክመህ መቆም ነው። ደህናው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ መሬቱ መጠንከር ቢጀምርም ጊፋታ ይደርሳል፤ በየከተማው ያለው የወላይታ ልጅ ለዘመን መለወጫው አገሩ ይገባል፣ አስፋልቱም የቀበሌው መንገድም በመኪናና በሞተር ይሞላል። በዚያ ሰሞን ሳይክሉን ማቆምና ከጋበዘ ቤተሰብ ዘንድ ተቀምጦ መብላት ነው፤ ዙሩ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ ይጀመር።